ቅቤና ፖለቲካ፦ የሰር ሆራስ ፕላንኬት ሕይወትና ሥራ

የኅብረት ሥራ ታሪክ በተነሣ ቁጥር የእንግሊዞቹ የሮችዴል ሠራተኞችና የጀርመናዊው የራይፋይዘን ስም አብሮ ይነሣል። በግብርና ምርት ግብይት በኩል ግን ከእነዚህ ባልተናነሰ ሊታወሱ የሚገባቸው አንድ አየርላንዳዊ አሉ። እኒህ ሰው ሰር ሆራስ ፕላንኬት ይባላሉ። ፕላንኬት ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሁለት ነገሮች ጋር ሲታገሉ ኖረዋል። አንደኛው የገበያ ውድድር ሲሆን ሁለተኛው የፖለቲካ ሽኩቻ ነው። የመጀመሪያውን ገበሬው ከተደራጀ ሊቋቋመው እንደሚችል በተግባር አሳይተዋል። ሁለተኛው ግን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ሲፈትናቸው ኖሯል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት፣ የሥራ አመራር ኮሚቴዎችና የአካባቢ የመንግሥት ኃላፊዎች ከእኒህ ሰው ስኬት ብቻ ሳይሆን ከደረሰባቸው እንቅፋትም ብዙ ትምህርት ሊቀስሙ ይችላሉ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትውልድና ወጣትነት

ሆራስ ፕላንኬት ኦክቶበር 24 ቀን 1854 በእንግሊዝ አገር በግሎስተርሺር ተወለዱ። ቤተሰባቸው በአየርላንድ ሚዝ በተባለው አውራጃ ዳንሴኒ የሚባል ቤተ መንግሥትና ሰፊ መሬት የነበረው የመሳፍንት ቤተሰብ ነው። አባታቸው የዳንሴኒ ባሮን ነበሩ። ወጣቱ ሆራስ የባላባት ልጆች በሚማሩበት በኢተን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል። ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ አየርላንድ እንደተመለሱ በ1878 በቤተሰባቸው ርስት አካባቢ ለሚኖሩ ሰዎች አንድ የሸማቾች የኅብረት ሥራ መደብር አቋቋሙ። ይህ የመጀመሪያ ሙከራቸው ነበር።

ይሁን እንጂ የሳንባ ሕመም ስላሠጋቸው ደረቅ አየር ወዳለበት አገር መሄድ ነበረባቸው። በመሆኑም በ1879 ወደ አሜሪካ ተጉዘው በዋዮሚንግ የከብት እርባታ ሥራ ጀመሩ። በዚያም ዐሥር ዓመት ቆዩ። የዋዮሚንግ ከብት አርቢዎች በሣርና በውኃ የሚሻሙ፣ በገበያም የሚፎካከሩ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን በሰፊው ሜዳ ላይ የተደባለቀውን ከብት ሰብስቦ በየምልክቱ ለመለየት አንዱ ብቻውን ስለማይችል በየዓመቱ በጋራ ይወጡ ነበር። በ1886 እና በ1887 መካከል የነበረው ከባድ ክረምት ደግሞ በአካባቢው እጅግ ብዙ ከብት ፈጀ። ፕላንኬት ከዚህ ሥራ የንግድን ጥቅምና ኪሣራ፣ የሒሳብ አያያዝንና ከተፎካካሪ ጋር ሳይጣሉ መሥራትን ተምረዋል። በ1889 አባታቸው ሲሞቱ ወደ አየርላንድ ተመለሱ።

የአየርላንድ ገበሬ ችግር

በዚያን ጊዜ አየርላንድ በብሪታንያ መንግሥት ሥር ነበረች። ከ1845 እስከ 1852 በድንች በሽታ ምክንያት በደረሰው ረሀብ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አልቋል፤ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል አገሩን ጥሎ ተሰዷል። መሬቱ በአብዛኛው በባላባቶች እጅ ሲሆን አራሹ ጭሰኛ ነበር። ከ1879 ጀምሮ የተካሄደው የመሬት ትግል ግን ይህን ሥርዓት አናጋው። በተከታታይ በወጡ የመሬት ግዥ ሕጎች፣ በተለይም በ1903 በወጣው ሕግ አማካይነት፣ ብዙው ጭሰኛ በረጅም ጊዜ በሚከፈል የመንግሥት ብድር የሚያርሰው መሬት ባለቤት ለመሆን በቃ።

ሕዝቡ በሁለት የፖለቲካ ወገን ተከፍሎ ነበር። ብሔርተኞቹ፣ አብዛኞቹ ካቶሊኮች፣ አየርላንድ የራሷ አስተዳደር እንዲኖራት ይፈልጉ ነበር። የአንድነት ደጋፊዎች የሚባሉት፣ አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶች፣ አገሪቱ ከብሪታንያ ጋር እንደተዋሐደች እንድትቀጥል ይሹ ነበር። ማናቸውም ጉዳይ በዚህ ሚዛን ይመዘን ነበር። ፕላንኬት በዚህ መካከል ያነሡት ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ መሬቱን ያገኘ ገበሬ ምርቱን ለማንና በምን ዋጋ ይሸጣል?

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልተነሣም። የእንፋሎት መርከብና የባቡር ሐዲድ የአሜሪካን እህልና ሥጋ በርካሽ ዋጋ ወደ ብሪታንያ ገበያ ማጓጓዝ ጀምረው ነበር። ለአየርላንድ ገበሬ የቀረው ትልቁ ተስፋ ቅቤ ነበር። እርሱም ቢሆን አደጋ ላይ ወደቀ። የአየርላንድ ቅቤ በየቤቱ የሚናጥ በመሆኑ የአንዱ ቤት ከሌላው አይመሳሰልም፤ በክረምትም አይገኝም ነበር። ዴንማርካውያን ግን በ1882 በዬዲንግ መንደር የመጀመሪያውን የኅብረት ሥራ የወተት ማቀነባበሪያ ካቋቋሙ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ማቀነባበሪያዎችን ከፈቱ። በዚያው ዘመን ሥራ ላይ የዋለው ክሬም መለያ መሣሪያ የብዙ ገበሬዎችን ወተት በአንድ ቦታ ለማዘጋጀት አስቻላቸው። ጥራቱ አንድ ዓይነት የሆነ ቅቤም ዓመቱን ሙሉ ለእንግሊዝ ገበያ ያቀርቡ ጀመር። የአየርላንድ ገበሬ የተሸነፈው በመሬት ልምላሜ ወይም በላም ብዛት አልነበረም፤ በአደረጃጀት ነበር።

ሃምሳ ስብሰባ

ፕላንኬት በ1889 ሥራ ሲጀምሩ በኮርክ አውራጃ በዶነሬይል አንድ የኅብረት ሥራ መደብር፣ በሊመሪክ አውራጃ በድሮምኮሎገር ደግሞ የመጀመሪያው የኅብረት ሥራ የወተት ማቀነባበሪያ ተቋቋሙ። በሥራው የረዷቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሮበርት አንደርሰን የተባሉ የማያሰልሱ አደራጅ ሲሆኑ ሁለተኛው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን የነበሩት አባ ቶማስ ፊንሌይ ናቸው። አንድ ፕሮቴስታንት መስፍንና አንድ ካቶሊክ ቄስ በአንድ መድረክ ላይ ቆመው ስለ ወተት ሲናገሩ ማየት ለዚያ ዘመን ሕዝብ አዲስ ነገር ነበር።

ሥራው ግን በቀላሉ አልተሳካም። ፕላንኬት ንግግር የማይሆንላቸው፣ ጤናቸውም ያልጠና ሰው ነበሩ። በየመንደሩ እየዞሩ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ስብሰባዎች ቢያደርጉም ፍሬው እጅግ ጥቂት ነበር። ባላባቶቹ ጭሰኛን የሚያደራጅ የራሳቸውን ወገን በጥርጣሬ ተመለከቱት። ብሔርተኞቹ የገበሬው ኑሮ ትንሽ ከተሻሻለ ለራስ አስተዳደር የሚያደርገው ትግል ይቀዘቅዛል ብለው ሠጉ። በየገጠሩ ከተማ የነበረው ነጋዴ ደግሞ ገበሬውን በዱቤና በአራጣ አስሮ የያዘ በመሆኑ ማኅበሩን እንደ ጠላት ቆጠረው። ይህ ነጋዴ በብዙ ቦታ የአካባቢው የፖለቲካ መሪም ነበር።

በሊመሪክ አውራጃ በራትኪል ከተማ የደረሰው ነገር ከአደራጆቹ አፍ ሳይጠፋ ኖሯል። አንደርሰን ስለ ወተት ማቀነባበሪያው ጥቅም አስረድተው፣ ገበሬዎቹም ተስማምተው ጉዳዩ ያለቀ መስሎ ሳለ አንድ የከተማው ጠበቃ ተነሡ። ጠበቃው ራትኪል የብሔርተኞች ከተማ መሆኗን፣ በዚህች ከተማ የሚመረተው እያንዳንዱ ፓውንድ ቅቤም በብሔርተኝነት መርሕ ካልተመረተ ጨርሶ መመረት እንደሌለበት ተናገሩ። ስብሰባው በዚሁ ተበተነ። ቅቤው ግን የሚሸጠው ለእንግሊዝ ሸማች ነበር። ሸማቹም የቅቤውን ጣዕምና ዋጋ እንጂ ያመረተው ሰው ለማን ድምፅ እንደሰጠ አይጠይቅም።

ያም ሆኖ አደራጆቹ ተስፋ አልቆረጡም። አንዱ መንደር የሌላውን ውጤት እያየ ተከተለ። በ1894 የተቋቋሙት የወተት ማኅበራት ከ30 በላይ ስለደረሱ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ወር የአየርላንድ የግብርና አደራጅ ማኅበር ተመሠረተ። ፕላንኬት ፕሬዚዳንት፣ አባ ፊንሌይ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። በአመራሩም ካቶሊክና ፕሮቴስታንት፣ ብሔርተኛና የአንድነት ደጋፊ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፖለቲካና የሃይማኖት ክርክር በማኅበሩ ስብሰባ ላይ እንዳይነሣም መርሕ ሆነ።

በገበያ መወዳደር፣ በማኅበር መተባበር

ፕላንኬት ውድድርን የሚጠሉ ሰው አልነበሩም። እምነታቸው ትንሽ ገበሬ በትልቅ ገበያ ሊወዳደር የሚችለው ከጎረቤቱ ጋር ሲተባበር ብቻ ነው የሚል ነበር። የማኅበራቱ ደንብም ይህንኑ መሠረት ያደረገ ነው። እያንዳንዱ አባል ዕጣ ይገዛል፤ ብዙ ዕጣ ያለውም ሆነ ጥቂት ያለው ድምፁ አንድ ነው። ለዕጣ የሚከፈለው ወለድ የተወሰነ ሲሆን ትርፉ አባሉ ባቀረበው ወተት መጠን ይከፋፈላል። ክሬሙ የወጣለት ወተት ለጥጃና ለአሳማ መኖ እንዲሆን ለገበሬው ይመለሳል።

የግል ማቀነባበሪያ ባለቤቶችም ዝም ብለው አልተመለከቱም። አዲስ ማኅበር ሲቋቋም ለወተት የሚከፍሉትን ዋጋ ከፍ አድርገው አባላቱን ያማልላሉ፤ ማኅበሩ ወተት አጥቶ ሲዳከም ዋጋውን መልሰው ያወርዳሉ። ይህን ለመቋቋም ብዙ ማኅበራት አባላት ወተታቸውን ለሌላ እንዳይሸጡ የሚያስገድድ ደንብ አወጡ። ደንቡ በፍርድ ቤት የተፈተነው በኬሪ አውራጃ በሚገኘው በባሊማክኤሊጎት ማኅበር ጉዳይ ነው። አንድ አባል ወተቱን ለሌላ እንዳይሸጥ ተከልክሎ፣ ያለ ኮሚቴው ፈቃድም ከማኅበሩ መውጣት የማይችል ሆኖ ነበር። በ1919 የእንግሊዝ የመሳፍንት ምክር ቤት እንዲህ ያለው ደንብ ከሚገባው በላይ የንግድ ነፃነትን የሚገድብ ነው ብሎ ወሰነ። ውሳኔው በወቅቱ ለማኅበራቱ ከባድ ምት ነበር። ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር አስገንዝቧል፤ አባልን የሚያቆየው የተዘጋ በር ሳይሆን ትክክለኛ ሚዛን፣ ወቅቱን የጠበቀ ክፍያና ግልጽ ሒሳብ ነው።

ተፎካካሪው ነጋዴ ብቻም አልነበረም። የእንግሊዝ ሸማቾች የኅብረት ሥራ ጅምላ ማኅበር ለአባላቱ ቅቤ በርካሽ ለማቅረብ በአየርላንድ የራሱን ማቀነባበሪያዎች ከፍቶ ነበር። ሸማቹም ገበሬውም በኅብረት ሥራ የተደራጁ ቢሆኑም አንዱ ርካሽ ቅቤ ይፈልጋል፤ ሌላው ለወተቱ ጥሩ ዋጋ ይሻል። ፕላንኬትና ጓደኞቻቸው ማቀነባበሪያው የወተት አቅራቢው ንብረት መሆን አለበት ብለው ለዓመታት ተከራከሩ። በኋላም ጅምላ ማኅበሩ ብዙዎቹን ማቀነባበሪያዎች ለአካባቢው ገበሬዎች አስተላለፈ። ከዚህ የሚታየው የኅብረት ሥራ ስም መያዝ ብቻውን የጥቅም ልዩነትን እንደማያጠፋ ነው።

ሥራው በቅቤ ላይ ብቻ አልተወሰነም። በ1897 የአየርላንድ የግብርና ጅምላ ማኅበር ተቋቁሞ የተመረጠ ዘርና ማዳበሪያ በብዛት እየገዛ ለማኅበራት ማከፋፈል ጀመረ። በዚህም ገበሬው በዋጋ ውድነትና በተጭበረበረ ዘር የሚደርስበት ጉዳት ቀነሰ። በራይፋይዘን አርአያነትም ከ1890ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የገጠር የብድር ማኅበራት ተደራጁ። እነዚህን እንዲያቋቁም በ1897 የተቀጠረው ባለቅኔና ሠዓሊው ጆርጅ ራስል በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል በብስክሌት እየዞረ ገበሬዎችን አስተባብሯል፤ ከ1905 ጀምሮም የንቅናቄው ጋዜጣ አዘጋጅ ሆኗል። በ1904 አካባቢ የማኅበራቱ ቁጥር ከ800 በላይ ደርሶ ነበር። የፕላንኬት ዓላማ በሦስት ነገሮች ይጠቃለላል፤ እነርሱም የተሻለ እርሻ፣ የተሻለ ንግድና የተሻለ ኑሮ ናቸው። የመጀመሪያው የመንግሥትና የባለሙያ እርዳታ ያስፈልገዋል፤ ሁለተኛው ግን የገበሬው የራሱ ሥራ ነው። ሦስተኛውን በተመለከተ በ1910 የተመሠረተውን የገጠር ሴቶች ማኅበር ደግፈዋል።

የፓርላማው ወንበርና መዘዙ

ፕላንኬት ማኅበራቱን ከፖለቲካ ቢያርቁም ራሳቸው ግን ወደ ፖለቲካ ገቡ። በ1892 በደቡብ ደብሊን የአንድነት ደጋፊዎችን ወክለው የፓርላማ አባል ሆኑ። ሐሳባቸው ለገበሬው የሚጠቅም ሕግ ለማውጣት ነበር። በ1895 የፓርላማው ዕረፍት ሲደርስ የሁሉም ወገን እንደራሴዎች ተሰብስበው በግብርና ልማት ላይ ብቻ እንዲመክሩ ጥሪ አደረጉ። የብሔርተኞቹ ትልቁ ክንፍ መሪ ጀስቲን ማካርቲ ጥሪውን አልተቀበሉም። የአንድነት ደጋፊዎቹ መሪ ኮሎኔል ሳውንደርሰንም ከብሔርተኛው ከጆን ሬድመንድ ጋር አብሬ አልቀመጥም አሉ። ሬድመንድ ግን መጡ። ከተለያየ ወገን የተውጣጣው ኮሚቴም የሌሎችን የአውሮፓ አገሮች ልምድ አጥንቶ በ1896 ሪፖርቱን አወጣ።

በዚህ ሪፖርት መሠረት በ1899 የግብርናና የቴክኒክ ትምህርት መምሪያ በሕግ ተቋቋመ። ለመምሪያው በዓመት ወደ 166,000 ፓውንድ ተመደበለት። ከመምሪያው ጎን በሚቆመው የግብርና ምክር ቤት ውስጥ ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው ገደማ በአውራጃ ምክር ቤቶች የሚመረጡ እንዲሆኑ ተደረገ። ፕላንኬት የመምሪያው ምክትል ፕሬዚዳንት፣ በተግባር ግን ዋና ኃላፊ ሆኑ። በዚሁ ምክንያት የአደራጅ ማኅበሩን ፕሬዚዳንትነት ለቀቁ።

ብዙም ሳይቆይ ግን ችግር መጣ። ፕላንኬት ለመምሪያው ጸሐፊነት የሾሙት ቶማስ ጊል ቀድሞ የብሔርተኞች እንደራሴ የነበሩ ሰው ናቸው። ሹመቱ በችሎታ ላይ የተመሠረተ ቢሆንም የገዛ ወገናቸው ሰዎች እንደ ክህደት ቆጠሩት። በ1900 ምርጫ ሌላ የአንድነት ደጋፊ እጩ አቆሙባቸው። የአንድ ወገን ድምፅ ለሁለት በመከፈሉ ወንበሩ ለብሔርተኛው እጩ ሆነ። ፕላንኬት በ1901 በጎልዌይ ሞክረው እንደገና ተሸነፉ። ሆኖም የፓርላማ ወንበር ሳይኖራቸው በኃላፊነታቸው ቀጠሉ። ይህም ለተቺዎቻቸው በር ከፈተ።

በ1904 ያሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ ቁጣውን አባባሰው። በመጽሐፉ የአየርላንድ ሰዎች ኃይላቸውን ሁሉ በፖለቲካ ላይ በማዋላቸው ኢኮኖሚያቸውን ችላ ማለታቸውን ተችተዋል፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም በሕዝቡ የሥራ ባህል ላይ ያላትን ተጽዕኖ ነቅፈዋል። ከንቅናቄው ደጋፊዎች ብዙዎቹ ካቶሊኮች፣ በየመንደሩ የሚረዷቸውም ቄሶች ሆነው ሳለ እንዲህ መጻፋቸው ለተቃዋሚዎቻቸው መሣሪያ ሰጠ። ከብሔርተኞቹ መሪዎች ንቅናቄውን አጥብቀው የተቃወሙት ጆን ዲሎን ነበሩ። ዲሎን የአየርላንድ ዋና ጥያቄ ሳይመለስ የገበሬውን ልብ ወደ ሌላ የሚያዞር ሥራ አድርገው ያዩት ነበር። ቤተሰባቸውም በባላሀደሪን ከተማ ትልቅ መደብር ነበረው።

በ1905 መጨረሻ የመንግሥት ለውጥ ሆነ። በ1907 ፕላንኬት ከኃላፊነታቸው እንዲለቁ ተደረገ። የተተኩት ኃላፊም መምሪያው ለአደራጅ ማኅበሩ ይሰጥ የነበረውን የገንዘብ ድጋፍ አቋረጡ። በመንግሥት በጀት ላይ የተደገፈው ማኅበር ሹም በተለወጠ ጊዜ ምን እንደሚደርስበት ያኔ ታየ። ማኅበራቱ ግን አልፈረሱም። የራሳቸውን መዋጮ ከፍ አድርገው፣ የወዳጆችም እርዳታ ተጨምሮ ሥራው ቀጠለ። በ1908 ደጋፊዎቻቸው በደብሊን በሜሪየን አደባባይ አንድ ትልቅ ቤት ገዝተው ለፕላንኬት ክብር ለንቅናቄው ዋና መሥሪያ ቤት አደረጉት። ፕላንኬትም ወደ አደራጅ ማኅበሩ መሪነት ተመለሱ። በዚያው ዓመት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የገጠር ኑሮን የሚያጠና ኮሚሽን ሲያቋቁሙ የፕላንኬት ምክር አስተዋጽኦ አድርጓል። በ1914 የማኅበራቱ ቁጥር ወደ 1000 ደርሶ ነበር።

ከሁለቱም ወገን የመጣ እሳት

ከ1917 እስከ 1918 የአየርላንድን የወደፊት አስተዳደር የሚወስን ጉባኤ በደብሊን ተሰበሰበ፤ ፕላንኬትም ሰብሳቢ ሆነው ተመረጡ። ሺን ፌን የተባለው ፓርቲ አልተገኘም፤ የሰሜኑ የአንድነት ደጋፊዎችም ከአቋማቸው አልተነቃነቁም። ጉባኤው ያለ ስምምነት ተበተነ። ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ገበሬን በአንድ የወተት ማቀነባበሪያ ያገናኘው ሰው ፖለቲከኞችን በአንድ ጠረጴዛ ሊያስማማ አልቻለም። ለዚህ ምክንያት አለው። በወተት ማቀነባበሪያው ሁሉም አባል በወሩ መጨረሻ ድርሻውን ይዞ ይሄዳል። በጉባኤው ግን የአንዱ ማግኘት ለሌላው ማጣት መስሎ ይታይ ነበር።

ጦርነቱም መጣ። በ1920 እና በ1921 የብሪታንያ ኃይሎች ሽምቅ ተዋጊዎችን ለመበቀል ከ40 በላይ የኅብረት ሥራ ማቀነባበሪያዎችንና ሌሎች የማኅበራት ንብረቶችን አቃጠሉ ወይም አወደሙ። ፕላንኬት ጉዳዩ በገለልተኛ አካል እንዲመረመርና ካሣ እንዲከፈል በይፋ ተከራከሩ። ማኅበራቱ ለማንም ወገን ባይወግኑም የብዙ መቶ ቤተሰቦች ኑሮ የተመሠረተባቸው በመሆናቸው ገበሬውን ለመቅጣት አመቺ ሆነው ነበር።

በ1922 ነፃይቱ የአየርላንድ መንግሥት ስትቋቋም ፕላንኬት በላይኛው ምክር ቤት አባልነት ተሾሙ። ያኔ የእርስ በርስ ጦርነት ተጀምሮ ነበር። በጃንዋሪ 1923 መጨረሻ፣ እርሳቸው አሜሪካ በነበሩበት ጊዜ፣ አዲሱን መንግሥት የሚቃወሙ ታጣቂዎች በደብሊን አቅራቢያ በፎክስሮክ የነበረውን መኖሪያ ቤታቸውን በቦምብ መትተው አቃጠሉት። የማኅበራቱን ንብረት ያቃጠለው አንዱ ወገን ሲሆን የፕላንኬትን ቤት ያቃጠለው ደግሞ ከእርሱ ጋር ሲዋጋ ከኖረው ወገን የወጣ ነበር። ከዚህ በኋላ ፕላንኬት በእንግሊዝ አገር በዌይብሪጅ መኖር ጀመሩ። በ1919 በለንደን ባቋቋሙት የኅብረት ሥራ ጥናት ድርጅት አማካይነት ልምዳቸው ለሌሎች አገሮች እንዲደርስ ማድረጉን ግን አላቆሙም። ሚስት አላገቡም፤ ልጅም አልነበራቸውም። ከሰባ ዓመት ዕድሜ በኋላ አውሮፕላን ማብረር የተማሩ፣ ከአዲስ ነገር የማይሸሹ ሰው ነበሩ። ማርች 26 ቀን 1932 በ77 ዓመታቸው በዌይብሪጅ ዐረፉ።

የተከሉት ዛፍ

ፕላንኬት ያቋቋሙት ንቅናቄ ጉድለት አልነበረበትም አይባልም። ወተትን በጋራ ማቀነባበር የተማሩት ማኅበራት ቅቤን በጋራ መሸጥ አቅቷቸው ለረጅም ጊዜ በእንግሊዝ ገበያ እርስ በርሳቸው ዋጋ እየሰባበሩ ይሸጡ ነበር። በ1928 የጋራ የሽያጭ ድርጅት ቢያቋቁሙም የተወሰኑት ከውጭ በመቅረታቸው ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። አንዱ መንደር ከሌላው መንደር ጋር መፎካከሩን ያቆመው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ1961 የወተት ምርቶችን ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት በመንግሥት ተቋቋመ፤ በ1962 ኬሪጎልድ የተባለው የቅቤ ምልክት ለገበያ ቀረበ። ድርጅቱ በ1973 በወተት ማኅበራቱ ባለቤትነት ሥር ወደ ኅብረት ሥራነት ተለወጠ። በ1894 የተመሠረተው አደራጅ ማኅበርም በ1979 ስሙን ለውጦ የአየርላንድ ኅብረት ሥራ አደራጅ ማኅበር ተብሏል። ፕላንኬት ከሞቱ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው የአየርላንድ ቅቤ በአንድ ስም ገበያ የወጣው።

ከታሪካቸው የሚቀሰም ትምህርት

የሰር ሆራስ ፕላንኬት ታሪክ የሚያሳየው የመጀመሪያው ነገር የገበያ ውድድርና የፖለቲካ ውድድር አንድ አለመሆናቸውን ነው። በገበያ ዛሬ የተሸነፈ ጥራቱን አሻሽሎ ነገ ይመለሳል፤ ገዢውም ከሁለት ሻጭ ሊገዛ ይችላል። በምርጫ ግን ወንበሩ አንድ ነው። ማኅበር የፖለቲካውን ፉክክር ወደ ውስጥ ባስገባ ጊዜ ግማሹን አባል ያጣል፤ ግማሽ ወተት ይዞም ከነጋዴ ጋር መወዳደር አይችልም። ገለልተኛነት በጎ ጠባይ ብቻ ሳይሆን የንግድ ስሌትም ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ለመሪዎች ነው። ፕላንኬት ማኅበራቱ ከፖለቲካ እንዲርቁ እየመከሩ እርሳቸው የአንድ ወገን እንደራሴ ሆኑ። በዚህም መምሪያውንና ሕጉን አስገኝተዋል። ዋጋው ግን ማኅበራቱ በመሪያቸው ስም መጠርጠራቸው ነበር። መሪ የራሱ አመለካከት ሊኖረው ይችላል፤ አባላት ግን የግል ወንበሩን ከማኅበሩ ወንበር ለይተው እንዲያዩለት መጠበቅ አስቸጋሪ ነው።

ሦስተኛው የመንግሥትን ድርሻ ይመለከታል። ሥልጠና፣ ምርምር፣ ኦዲትና ሕግ የመንግሥት ድጋፍ ይሻሉ። ድጋፉ ሹም በመጣ ቁጥር የሚሰጥ፣ ሹም በሄደ ቁጥር የሚቋረጥ ከሆነ ግን ማኅበሩ የአባላቱ ሳይሆን የሹሙ ይሆናል። በኢትዮጵያም ይህ ነገር ታይቷል። በደርግ ዘመን በአዋጅ ቁጥር 138 መሠረት የተቋቋሙት የአምራቾች ማኅበራት የመንግሥቱን የፖለቲካ ዓላማ እንዲያስፈጽሙ ተደርገው ነበር። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ገበሬው አብዛኞቹን በጥቂት ወራት ውስጥ አፍርሶ መሬቱንና በሬውን ተከፋፈለ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 እና በኋላ የተካው የ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 985 ማኅበራት በአባላት ፈቃድ ላይ እንዲመሠረቱ ደንግገዋል። በ1995 ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት ያጸደቃቸው መርሖዎችም አባልነት የፖለቲካ ልዩነት ሳይደረግበት ክፍት እንዲሆን፣ ማኅበራትም ነፃና ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ እንዲሆኑ ያዛሉ። ይሁን እንጂ በሕግ የተጻፈውን በተግባር የሚያቆመው በጠቅላላ ጉባኤ የሚገኝ፣ ሒሳብ የሚጠይቅና ምርቱን ለማኅበሩ የሚያቀርብ አባል ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ምሳሌ አየርላንዳውያን ባያውቁትም ፕላንኬት የደከሙለት ነገር ይኸው ነው። ድሩ የሚያብረው ግን እያንዳንዱ ክር ወደየራሱ ወገን ሳይጎትት ሲቀር ነው። ራትኪል የተበተነው ስብሰባ ለከተማይቱ ፖለቲካ የጨመረው ነገር የለም፤ ገበሬዎቿ ግን በዚያ ቀን ማቀነባበሪያ ሳያቋቁሙ ወደየቤታቸው ተመልሰዋል።